ሦስት ውሃ፣ አምስት ቀን፦ ዋሽንግተን ዲሲን በእግር

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የእግር ጉዞን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ውሃ ነው። ርቀቱ የሚቻል ነው፤ ዳገቱም እንጦጦን ለወጣ ሰው ዳገት አይባልም። ሰው መንገድ ላይ የሚቀረው ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ድልድይ ተዘግቶበት ወይም ወንዝ መንገዱን ውጦበት ነው።

ከተማዋ ሦስት ውሃ አላት፤ ሦስቱም በየራሳቸው ሰዓት ነው የሚሄዱት። ፖቶማክ ከዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ስለሚነሳ እዚያ የጣለው ዝናብ እዚህ የሚደርሰው አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው። ደጋ ዘንቦ ቆላ ላይ ደራሽ ሲመጣ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ጆርጅታውን ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ወንዙ ደፍርሶ፣ ግንድ ተሸክሞ ይወርዳል። ሮክ ክሪክ ደግሞ ዙሪያው አስፋልትና ጣሪያ ስለሆነ ዝናብ በጣለ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሞላል፤ መልሶም ቶሎ ይጎድላል። አናኮስቲያና የፖቶማክ የታችኛው ክፍል ከባሕር ጋር የተያያዙ ናቸው። ዘነበ አልዘነበ በቀን ሁለቴ ይሞላሉ፣ ሁለቴ ይጎድላሉ፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል።

ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ሦስት ነገር ተመልከቱ። አንደኛው የዩኤስጂኤስ (የአሜሪካ የምድር ጥናት መሥሪያ ቤት) የውሃ መለኪያ ነው፤ ለፖቶማክ የሊትል ፎልስን፣ ለሮክ ክሪክ የሸሪል ድራይቭን ክፈቱ። ሊትል ፎልስ ላይ 10 ጫማ የጎርፍ መነሻ ነው፤ ቁጥሩ ወደዚያ እየወጣ ከሆነ ቀን 1ን፣ በወንዙ ዳር ባለው የጀልባ ቦይ የምንሄድበትን፣ ወደ ሌላ አዛውሩ። ሁለተኛው የኖአ (የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት) የሙላትና የጉድለት ሰሌዳ ነው። ሦስተኛው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የመዝጊያ ማስታወቂያ ነው። ከታች ያለው የቀን ቅደም ተከተል ለደረቅ ሳምንት የወጣ ነው። ዝናብ ካለ ቀን 2ን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ጽፈነዋል።

መኪና ቤት ይቅር። ከአምስቱ ቀን በሦስቱ መነሻና መድረሻው የተለያየ ነው፤ መኪና ያቆመ ሰው ግን የሄደበትን ያህል መመለስ አለበት። የሜትሮ ካርድ፣ በበጋ ሙቀት ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ፣ ትርፍ ካልሲ ያዙ። ሳንድዊች ሙቀት ውስጥ አራት ሰዓት አይቆይም፤ ቆሎ ይቆያል።

ቀን 1፦ ከማይል ዜሮ እስከ ቤተስዳ፣ 8 ማይል ገደማ

ጆርጅታውን የሜትሮ ጣቢያ የለውም። የሚወረደው ፎጊ ቦተም ነው። ከዚያ በኒው ሃምፕሸር ጎዳና ወደ ደቡብ ሂዱ፤ ቨርጂኒያ ጎዳና ስትደርሱ ወደ ቀኝ ታጠፉና በዋተርጌት ሕንፃዎች በኩል ውረዱ። ጎዳናው ሲያልቅ ከፊታችሁ ሮክ ክሪክ ፓርክዌይ አለ። በመብራት ብቻ ተሻገሩ፤ መኪናው ይሮጣል። ማዶ ያለው የቶምፕሰን የጀልባ ቤት ነው። ከኋላው ሮክ ክሪክ ፖቶማክ ላይ የሚወድቅበት ጥግ ላይ የማይል ዜሮ ድንጋይ ይገኛል። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ጆርጅታውን መሀል ገብቶ ይጀምራል፤ የቦዩን አሠራር ለመረዳት ግን መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ቁፋሮ የተጀመረው በ1828 ነው፤ ከምበርላንድ የደረሰው በ1850። ርዝመቱ 184.5 ማይል ሲሆን በመንገዱ ላይ 74 ሎኮች (ጀልባ ከፍ ዝቅ የሚያደርጉ የውሃ በሮች) አሉት። እስከ 1924 ጎርፍ ድረስ ጀልባ ሲሄድበት ኖሯል። ጀልባውን የሚጎትቱት በዳር የሚራመዱ በቅሎዎች ስለነበሩ ዛሬ የምትሄዱበት መንገድ የበቅሎ መንገድ ነው። ጠፍጣፋና ሰፊ የሆነውም ለዚሁ ነው። በ1950ዎቹ መኪና ሊሄድበት ታስቦ ነበር፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ዊሊያም ዳግላስ በ1954 ሰው አስከትለው ሙሉውን መንገድ በእግር በመሄድ ተቃወሙ። በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ።

ከማይል ዜሮ የሮክ ክሪክን ዳር ይዛችሁ ወደ ላይ ስትሄዱ ማይል 0.38 ላይ ሎክ 1 ይመጣል። ከሎክ 1 እስከ ሎክ 4 ያለው ርቀት ከ300 ሜትር አይበልጥም፤ እዚህ ቀስ በሉ። ሎክ ማለት ለጀልባ የተሠራ ደረጃ ነው፦ 100 ጫማ ርዝመትና 15 ጫማ ስፋት ያለው የድንጋይ ሣጥን፣ በላይና በታች ጫፉ ባለ ሁለት ክንፍ የእንጨት በር የተገጠመለት። ክንፎቹ ሲዘጉ ቀጥ ብለው አይገጥሙም፤ ወደ ላይኛው ውሃ ሹል ሆነው ይጋጠማሉ። በዚህ ምክንያት ከላይ የሚገፋው ውሃ ራሱ በሩን ያጠብቀዋል፤ ውሃው በበረታ ቁጥር መጋጠሚያው ይጠብቃል። በሩን በጉልበት መክፈት አይቻልም። መጀመሪያ ከበሩ ግርጌ ያሉት ትንንሽ መስኮቶች በብረት ዘንግ ተጠምዝዘው ይከፈታሉ፤ ውሃው በበሩ ግራና ቀኝ እኩል ሲሆን ረጅሙን የእንጨት ክንድ በጀርባ ገፍቶ መክፈት ለአንድ ሰው እንኳ ይቻላል። አንዱ ሎክ ጀልባን 8 ጫማ ያህል ያነሳል፤ አራቱ አንድ ላይ ወደ 10 ሜትር። አንዳንድ ሎክ ላይ የጥጉን ድንጋይ በእጃችሁ ዳስሱት፤ ጣት የሚያስገባ ስርጉድ አለው። ገመድ ሲፋተግበት ኖሮ ነው።

ቦዩ ደርቆ ብታገኙት አትገረሙ፤ ጆርጅታውን ውስጥ ለጥገና ውሃው የሚለቀቅበት ጊዜ ብዙ ነው። መንገዱ አንድ ቦታ በእግረኛ ድልድይ ወደ ወንዙ ወገን ይሻገራል፤ ከዚያ በኋላ ቦዩ በቀኛችሁ፣ ፖቶማክ በግራችሁ ይሆናል። ከቁልቁሉ በታች በትይዩ የሚሄደው አስፋልት የካፒታል ክረሰንት መንገድ ነው፤ የብስክሌተኛ መንገድ ስለሆነ ለጊዜው ተዉት።

ማይል 3.1 ላይ ፍሌቸርስ ኮቭ ትደርሳላችሁ። በመደበኛ እርምጃ ከማይል ዜሮ 1 ሰዓት ከሩብ ነው። ወቅቱ ከሆነ መጸዳጃና የሚከራይ ጀልባ አለ፤ በብርዱ ወራት ግን ሁለቱንም አትጠብቁ። የድንጋዩ ቤት፣ አብነር ክላውድ የሚባለው፣ ከቦዩ በፊት የተሠራ ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት ከዚህ ወደ ላይ ያለው የበቅሎ መንገድ ኩሬ ኩሬ ይሆናል፤ ውሃውን ለማለፍ በዳሩ ሣር አትሂዱ፣ ሣሩ መዥገርና ፖይዝን አይቪ የሚሉት ቆዳ የሚያሳክክ ሐረግ አለበት። ቀጥ ብሎ ውሃ ውስጥ መርገጥ ይሻላል፤ ትርፉ ካልሲ ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ወደ አስፋልቱ ተሻገሩ። የካፒታል ክረሰንት መንገድ ጥቂት ወጣ ብሎ በአሮጌ የባቡር ድልድይ ቦዩንም መኪና መንገዱንም ያልፋል፤ ቀጥሎ የዳሌካርሊያ ዋሻ ይመጣል። እስከ 1985 ባቡር ይሄድበት ስለነበር ዳገቱ የማይታወቅ ነው፤ ነገር ግን ወደ 5 ማይል ሙሉ ያለማቋረጥ ይወጣል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሁሉንም ገልብጦ ከቤተስዳ ቢጀምር ይሻለዋል። ቀኝ ጠርዝ ያዙ፤ ሦስት ሆናችሁ ጎን ለጎን አትሂዱ። ከኋላ «ኦን ዩር ሌፍት» (በግራችሁ ላልፍ ነው) የሚል ድምፅ ስትሰሙ ባላችሁበት ቀጥሉ። ዞር ብሎ ለማየት ወደ ግራ የሚያጋድል ሰው ነው የሚገጨው። መጨረሻው ቤተስዳ መሀል ነው፤ ቀዩ መስመር ጣቢያ ከዚያ 8 ደቂቃ ያህል ይርቃል።

ቀን 2፦ ሮክ ክሪክ ፓርክ

ፓርኩ በ1890 የተቋቋመ ነው፤ ከተማዋን ከሰሜን እስከ መሀል የሚከፍል ጫካ። ከክሊቭላንድ ፓርክ ጣቢያ በኮነቲከት ጎዳና ወደ ሰሜን ትንሽ ሄዳችሁ በቀኝ በኩል የሜልቪን ሄዘን መንገድ ምልክት ታያላችሁ። ከፎቅ ቤቶቹ ጀርባ በአንዴ ጫካ ውስጥ ይጥላችኋል፤ ትንሿን ጅረት በድንጋይ ላይ እየረገጣችሁ ትሻገራላችሁ። እርጥብ ድንጋይ ላይ ያለው አረንጓዴ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ጫማችሁ ለስላሳ ከሆነ ይህን ትታችሁ ከቫን ነስ ጣቢያ በቲልደን ጎዳና ውረዱ።

ሁለቱም ፒርስ ሚል ያደርሷችኋል። በ1820ዎቹ የተሠራ የውሃ ወፍጮ ነው፤ መጁና ቋቱ ገጠር ወፍጮ ቤት ለዋለ ሰው እንግዳ አይሆንም። ከዚህ ሁለት ዋና መንገድ አለ። በወንዙ ምሥራቅ ያለው ቫሊ ትሬይል ሲሆን ዛፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ በምዕራብ ያለው ዌስተርን ሪጅ አረንጓዴ ነው። ወደ ላይ በሰማያዊው ሂዱ፤ ከ1902ቱ ባለ ቋጥኝ ድልድይ፣ ቦልደር ብሪጅ ከሚሉት፣ አልፋችሁ ራፒድስ ብሪጅ ላይ ተሻገሩና በአረንጓዴው ተመለሱ። ዙሩ 4 ማይል ተኩል ገደማ ቢሆንም ሥርና ድንጋይ ስለሚበዛበት በሰዓት ከ2 ማይል በላይ አትቁጠሩ። መንታ መንገድ ላይ ደርሳችሁ 100 እርምጃ ያህል ያለ ቀለም ከሄዳችሁ ተሳስታችኋል ማለት ነው፤ ወደ መጨረሻው ቀለም ተመለሱ። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር የወደቀው ቅጠል መንገዱንም ሥሩንም ይሸፍናል፤ ቁርጭምጭሚት የሚጠመዘዘው ያኔ ነው።

ጋሪ የሚገፋ ቤተሰብ ጫካውን ትቶ የላይኛውን ቢች ድራይቭ ይያዝ። ከብሮድ ብራንች በላይ ያሉት ክፍሎች ለመኪና ዝግ ናቸው፤ ሰፊ አስፋልት፣ ጥላ፣ ከጎን ውሃ። ለሕፃናት ከተማዋ ውስጥ ከዚህ የተሻለ የእግር መንገድ አናውቅም። ልጆቹን ውሃ ውስጥ አታስገቡ እንጂ። ከ1971 ጀምሮ በዲሲ ወንዞች መዋኘት ክልክል ነው፤ በአሮጌው የከተማዋ ክፍል የዝናብና የመጸዳጃ ውሃ በአንድ ቱቦ ስለሚሄድ ዝናብ ሲበረታ ትርፉ ወደ ወንዝ ይለቀቃል። ውሻም ቢሆን እዚያ ባይጠጣ ይመረጣል።

ከደከማችሁ በምሥራቅ በኩል ወደ 16ኛ ጎዳና ውጡ፤ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚወስድ አውቶቡስ ታገኛላችሁ። የአውቶቡስ መስመሮች ስም በጁን 2025 ስለተቀየረ አሮጌ ጽሑፍ ላይ ያያችሁትን ቁጥር አትመኑ።

ቀን 3፦ የቴዎዶር ሩዝቬልት ደሴት

አጭር ቀን ነው፤ እግር እንዲያርፍ። ከሮዝሊን ጣቢያ ወደ ኪ ብሪጅ አቅጣጫ ሂዱ፤ ከድልድዩ በፊት የማውንት ቨርነን መንገድ መነሻ አለ። በእሱ ወርዳችሁ አውራ ጎዳናውን በላይ ተሻግራችሁ ደሴቱ በር ላይ ትደርሳላችሁ፤ 15 ደቂቃ ነው። ደሴቱ 88.5 ኤከር ሲሆን መግቢያው ከቨርጂኒያ በኩል ያለው የእግረኛ ድልድይ ብቻ ነው። ብስክሌት አይገባም፤ ከድልድዩ በፊት ማሰሪያ አለ።

ስዋምፕ ትሬይል የሚባለው ዙር 1.5 ማይል ነው፤ ግማሹ በረግረግ ላይ የተነጠፈ ሳንቃ ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት በቀጥታ ወደ 17 ጫማው ሐውልት ሄደው ፎቶ ተነሥተው በመመለሳቸው ነው፤ ሳንቃው ያለው በማዶ ነው። ሙላት ላይ ውሃው ከሳንቃው ሥር ይገባል፤ ጉድለት ላይ ጭቃና የዔሊ መንገድ ታያላችሁ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቢንቢ ይበዛል፤ ረጅም እጅጌ ልበሱ።

ጉልበት ከተረፋችሁ በማውንት ቨርነን መንገድ ወደ ደቡብ 3 ማይል ያህል ብትሄዱ ግራቭሊ ፖይንት አለ። አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲወርድ በራሳችሁ ላይ ነው የሚያልፈው፤ ልጆች ይወዱታል። መንገዱ ጠባብ፣ ብስክሌቱ ብዙ ነው። አውራ ጎዳናውን ለመሻገር አትሞክሩ፤ ወደ ሜትሮ የሚወጣው መንገድ ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ነው።

ቀን 4፦ ኬንልዎርዝና አናኮስቲያ

ይህ ቀን ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ቢወድቅ ይመረጣል፤ ሎተስ የሚያብበው ያኔ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በር ላይ ሁኑ። በብርቱካናማው መስመር ዲንዉድ ወርዳችሁ በ295 አውራ ጎዳና ላይ ባለው የእግረኛ ድልድይ ተሻገሩና በዳግላስ ጎዳና ወደ አናኮስቲያ ጎዳና ሂዱ።

ቦታውን በ1882 የጀመረው ዋልተር ሾው ነው፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ክንዱን ያጣ ወታደር፣ ከሜይን ግዛት ባመጣው የውሃ አበባ። ሥራውን ልጁ ሄለን ፋውለር አስፋፋችው፤ በ1938 መንግሥት ገዛው። ኩሬዎቹ መሀል ያለው መተላለፊያ ጠባብ የአፈር ግንብ ነው፤ ከዝናብ በኋላ ዳሩ ይሸራተታል።

ሁለቱን አበቦች የሚቀላቅል ብዙ ነው። ቅጠሉ ውሃው ላይ ተኝቶ አንድ ወገኑ የተሰነጠቀ ከሆነ የውሃ አበባ ነው። ከውሃው ወጥቶ በረጅም ዘንግ ላይ እንደ ጃንጥላ የቆመ፣ ስንጥቅ የሌለው ከሆነ ሎተስ ነው። ሎተሱ ቅጠል ላይ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ አይረጥብም። ውሃው ክብ ሆኖ አቧራውን እየለቀመ መሀሉ ላይ ይንከባለላል፣ ቅጠሉ ሲያጋድል ተንሸራቶ ይወድቃል። የቅጠሉ ገጽ በዓይን በማይታዩ ጉብታዎችና በሰም የተሸፈነ ስለሆነ ነው። አበባው ከረፋዱ በኋላ ሙቀት ሲጨምር ይከደናል፤ እኩለ ቀን ላይ የደረሰ ሰው «ምንም የለም» ብሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ከኩሬዎቹ ጀርባ ሳንቃው ወደ ረግረጉ ይወስዳችኋል። ጉድለት ላይ ብትደርሱ ይሻላል፤ ሙላትና ጉድለቱ ወደ 3 ጫማ ስለሚለያይ ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ይገለጣል፣ ባለረጅም አንገቱ ግራጫ ወፍ ዓሣ ሊለቅም ይወርዳል። ዳር ዳሩን የቆመው ፊላ ነው፤ ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ያው የምናውቀው ፊላ። አንዳንድ ቦታ በሽቦ የታጠረ ሣር ታያላችሁ፤ የተተከለው የዱር ሩዝ ነው፣ አጥሩም ለዝይ ነው። እዚሁ ሰፍሮ የቀረው የካናዳ ዝይ ቡቃያውን ከሥሩ ስለሚግጠው ያልታጠረው አይተርፍም። ረግረጉ ራሱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወንዙ ውስጥ የተከማቸውን ደለል መልሶ በመሙላት እንደገና የተሠራ ነው።

ከአትክልቱ ወጥታችሁ የአናኮስቲያን ወንዝ መንገድ ያዙ። ይህ ክፍል የተከፈተው በ2016 ነው። ወደ ሰሜን 3 ማይል ያህል ብትሄዱ ብላደንስበርግ፣ ወደ ደቡብ ብትሄዱ ቤኒንግ ጎዳናና ሚኔሶታ ጣቢያ ትደርሳላችሁ። ሐምሌ ላይ ደቡቡን ምረጡ፣ ያጥራል፤ ሰሜኑ ላይ ረጅም ጥላ የሌለው ሜዳ አለ፣ የሚጠጣ ውሃም በመንገድ ላይ እንደልብ አይገኝም። ከ5 ሰዓት በፊት ጨርሱት።

ቀን 5፦ ከኪንግ ስትሪት እስከ ዳይክ ማርሽ

አሌክሳንድሪያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ የጓሮ መንገድ ነው። ከኪንግ ስትሪት ጣቢያ 1 ማይል ያህል ወደ ወንዙ ውረዱ። የጎዳናው ግርጌ በከፍተኛ ሙላት ጊዜ፣ ነፋስ ከታገዘበት፣ ያለ ዝናብም በውሃ ይሸፈናል፤ ሰሌዳውን አይታችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት ገፋ አድርጉት።

ወደ ደቡብ ታጥፋችሁ ጆንስ ፖይንት ትደርሳላችሁ፤ ግዙፉ የዉድሮው ዊልሰን ድልድይ በራሳችሁ ላይ ነው። መብራት ቤቷ አጠገብ ካለው የወንዝ ግድግዳ ሥር በሚያዝያ 1791 የመጀመሪያው የዲሲ የወሰን ድንጋይ የተተከለበት ቦታ አለ። ቅየሳውን ይመራ ለነበረው ለአንድሩ ኤሊኮት የኮከብ ስሌቱን ይሠራ የነበረው ጥቁሩ የሒሳብ ሰው ቤንጃሚን ባነከር ነው። ከዚያ በአውራ ጎዳናው ጎን ቤል ሄቨን ድረስ ያለው መንገድ ጫጫታ ነው፤ ሳትቆሙ እለፉት።

ከቤል ሄቨን ሜዳ የሚነሳው ሃውል ሮድ ሦስት ሩብ ማይል ያህል ነው። ስሙ የመጣው አሸዋና ጠጠር ይጫንበት ከነበረበት ጊዜ ነው፤ እስከ 1972 ድረስ ከወንዙ ወለል ተቆፍሮ ሲወጣ የረግረጉ ትልቅ ክፍል አብሮ ሄዷል። የቀረው ጠርዝ ዛሬም በሞገድ እየተበላ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ሳንቃ ላይ ቁሙና ጠርዙን ተመልከቱ፤ ፊላው ሥሩ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ወፍ ለማየት የምትመጡ ከሆነ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ፣ ጎህ ሲቀድ።

ለመመለስ ወደ ሀንቲንግተን ጣቢያ በእግር ይቻላል፤ በሰፈር ውስጥ ስለሆነ ካርታ ክፈቱ። ቤት ስትገቡ ልብሱን ቅርጫት ውስጥ ሳትጥሉ ቀጥታ ሙቅ ማድረቂያ ውስጥ 10 ደቂቃ አስገቡት፤ መዥገር ውሃ አይገድለውም፣ ደረቅ ሙቀት ይገድለዋል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ታጠቡ፤ ከጉልበት ጀርባ፣ ብሽሽት፣ ብብት፣ ከጆሮ ኋላና የፀጉር ሥር ፈትሹ። ሕፃኑ መዥገር የሰሊጥ ፍሬ እንኳ አያክልም። ከተጣበቀ በሹል ወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ቅቤም ሆነ ክብሪት አታስጠጉት። ጫማውንም በጋዜጣ ሞልታችሁ በር ላይ ተዉት።